ጋዜጣ ማሽን አይደለም

ጥር 2017 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ሰመራ ስወርድ አዋሽ ሰባት አደርኩ። የአዋሽ ፈንታሌ መሬት እየተንቀጠቀጠ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን የለቀቀበት ሰሞን ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ስልኩ ላይ አፍጥጧል። አንድ የቴሌግራም ቻናል «ዛሬ ሌሊት እሳተ ገሞራ ይፈነዳል» ይላል። ማን አለ? ስም የለም። ሌሊቱ አለፈ፣ አልፈነዳም፤ ይቅርታ የጠየቀም የለም።

እኔ ዴቨሎፐር ነኝና መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «አፕ ልሥራላቸው» የሚል ነው። የሙያችን በሽታ ይሄ ነው፤ ወሬ የሚበላሸው መሣሪያ ስለጎደለ ይመስለናል።

እስቲ የመጀመሪያውን የአማርኛ ጋዜጣ እንይ። ግሪካዊው ነጋዴ አንድሪያስ ካቫዲያስ «አእምሮ»ን አዲስ አበባ ላይ ሲጀምር፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1902፣ ጋዜጣው የሚወጣው በእጅ እየተጻፈ ነበር፤ 24 ቅጂ ብቻ። ስሙን ያወጡለት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። አዎ፣ የቤተ መንግሥት ጥላ ያረፈበት ነው፤ ነጻ ፕሬስ ነበር አልልም። ግን ያነበበ ሰው «ይሄን ማን ጻፈው?» ቢል የሚያንኳኳው በር ነበረው።

በዚያው ዘመን ኢስታንቡል ውስጥ ማተሚያ ሞልቷል። የሱልጣን አብዱልሃሚድ ሳንሱር ግን የአሳታሚውን አፍ ለጉሞ ይዟል። ጋዜጣ እንደ አሸን የፈላው በ1908 ሕገ መንግሥቱ ሲመለስ ነው። የተለወጠው ማሽኑ አልነበረም።

«መሣሪያ የላቸውም» የምንላቸው አፋሮች ደግሞ ዳጉ አላቸው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ይጠያየቃል። ምን አየህ? ምን ሰማህ? ከማን? የታየው ከተሰማው ይለያል። ውሸት ያቀበለ ሰው አመኔታ ያጣል። እኛ ይሄንን «ባህላዊ» ብለን ዶክመንተሪ እንሠራበታለን፤ ከቻናሎቻችን የሚሻል የአርትዖት ሕግ መሆኑ ግን አይታየንም።

አፑን ተውኩት። ቻናል ያለህ፣ ያለሽ፣ ስምህን ጻፍ፣ ስምሽን ጻፊ። ያያችሁትን ከሰማችሁት ለዩ። ስትሳሳቱ እዚያው በተሳሳታችሁበት ቦታ አርሙ። ለዚህ ኮድ አያስፈልግም። ይሄን የማይችል ሰው መቶ ሺህ ተከታይ ቢኖረውም ከእነዚያ በእጅ ከተጻፉ 24 ቅጂዎች አይደርስም።