ያልተቆጠረ ይካዳል

የላልይበላ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከንብ ነው። አባቶቻችን እንደሚተርኩልን፥ ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ መጥቶ ከበበው፤ እናቱም ይህን አይታ ንቦች እንኳ ንጉሥነቱን ዐወቁ ስትል ላልይበላ ብላ ሰየመችው። እንግዲህ ያች እናት ያደረገችው ሦስት ነገር ነው፤ አየች፥ ልብ አለች፥ ስም ሰጠች። እኛ የልጅ ልጆቿ ግን ከሦስቱ አንዱን እንኳ አላደረግንም። በከተማይቱ ወይራና ጽድ ላይ ዛሬ ስንት ዓይነት ወፍ ያርፋል? ከዐሥር ዓመት በፊትስ ስንት ነበር? የትኛው ቀረ፥ የትኛው ጠፋ? ብለን ብንጠይቅ መልሱ ዝምታ ነው።

እኛ የላስታ ልጆች የሆንን ጥቂት ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤታችን በገባን ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ ይዘን አንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ጠንተን ነበር። የተሰጠን መልስ «ዛፉ ቆሞ እየታየ ምኑ ይቆጠራል?» የሚል ነው። የተሰፈረልን ቁጥር የተተከለ ችግኝ ቁጥር ብቻ ነበር። ከተተከለው ስንቱ ጸደቀ ስንል ሌላ ቀን ኑ ተባልን። በጸደቀው ላይ ምን ሰፈረበት ስንል ተሳቀብን።

ሳቁ የአንድ ቢሮ ሳቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወረቀትና ቀለም ባላባከንን ነበር። ነገሩ ግን የአገር በሽታ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ በመንግሥት ሲነገር ዓለም ሁሉ ሰማ። መትከሉን አንነቅፍም፤ እኛም አካፋ ይዘን ወጥተናል። ነገር ግን ችግኝ መትከል ደን ማብቀል አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ለገበሬው ማገርም ገንዘብም ሆኖታል፤ ይሁን እንጂ አንድ ጋሻ ባሕር ዛፍና አንዲት አሮጌ የወይራ አጸድ በሪፖርት ላይ እኩል «አረንጓዴ» ተብለው ሲጻፉ፥ ወፉም፥ ንቡም፥ ሽኮኮውም ከመዝገብ ተሰረዙ ማለት ነው። ዛፍ ቆጥሮ በዛፉ የሚኖረውን አለመቆጠር ቤት ቆጥሮ ሰውን እንደ መርሳት ነው።

ቆጠራ ምን ይጠቅማል ለሚሉን መልሱ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ከገቡት 12 ሥፍራዎች ሁለቱ የኛ ነበሩ፤ አንዱ የላልይበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፥ ሁለተኛው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሰሜን በአደጋ ላይ ካሉት ተርታ ተጻፈ። ለምን? ዋልያው ስለ ተቆጠረና መመንመኑ ስለ ታወቀ። ተቆጠረ፥ ጉድለቱ ታየ፥ ክርክር ተነሣ፥ ሥራ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ቁጥር ባይኖር ኖሮ ዋልያው በዝምታ ያልቅ ነበር።

ላልይበላስ? በላልይበላ የሚቆጠረው ድንጋዩ ነው። የዐለቱ ስንጥቅ ይለካል፥ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ታላላቅ የብረት መጠለያ እስከ መቆም ደርሷል። ይህ መልካም ነው፥ ጥያቄም አለበት፤ የዛሬ ነገራችን ግን አይደለም። ነገራችን በዚያው ግቢ፥ በዚያው ዐለት ጉድጓድ ውስጥ የምታድረው አንገተ ነጭ እርግብ ናት። ይህች እርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም የለችም። ጎብኚው ከሩቅ አገር መነጽሩን ይዞ መጥቶ በደብተሩ ይጽፋታል፤ እኛ ግን በኩሷ ቅርስ አቆሸሸች ብለን ከማባረር በቀር አናውቃትም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእኛ ነው።

ላስታ ውስጥ ጥንታዊ ዛፍ ማየት የሚሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ አካባቢ የቆመውን የጽድ ደን ያየ ሰው የቀረው ተራራ ቀድሞ ምን ይመስል እንደ ነበር ይገባዋል። አባቶች በግዝትና በአክብሮት ጠብቀው ለዚህ ስላደረሱልን ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ግዝት መጥረቢያን ይከለክላል እንጂ ፍየልን አይከለክልም። «እመጓ»ን በመጻፋቸው ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ደራሲ ብቻ አይደሉም፤ የደን ሊቅ ናቸው። በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ዛፍ በዛፍ አጥንተዋል። ከዚህ ዓይነቱ ጥናት የተገኘው ትምህርት፥ ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ሳለ ከብት ስለሚግጠውና ስለሚረግጠው የሚተካው ቡቃያ እንደሚጠፋ ነው። ከሩቅ ሲታይ ደኑ አለ፤ ከውስጥ ሲቆጠር ልጅ የሌለው ሽማግሌ ነው። መፍትሔውም ካህናትና ምእመናን በገዛ እርሻቸው ድንጋይ የሠሩት የካብ አጥር ሆነ። እነሆ ቆጠራ ካብ ወለደ። በላስታ አጥቢያዎች ይህ ለምን አይሆንም?

ደግሞ ከተማውና ተራራው የተለያዩ መስሎ የሚታያቸው አሉ። ከላልይበላ በላይ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ጓሳው፥ ጅብራው፥ አስታው፥ ጭላዳውም እዚያ ነው። ቀይ ቀበሮም አለ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም፤ አዋቂዎቹ ቢደመሩ ከ500 አይበልጡም ይባላል። ይህን አውሬ የሚፈጀው ጥይት ብቻ አይደለም፤ ከውሻ የሚጋባው የእብደት በሽታ ነው። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ92፥ እንደ ገናም በ2003 በሽታው ገብቶ ብዙ ቀበሮ ፈጀ። ይህን ልናውቅ የቻልነው በየጊዜው የሚከታተላቸው ሰው ስለ ነበረ ነው፤ ክትባትም የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው። በከተማችን ባለቤት የሌለው ውሻ ሲበዛ፥ የእረኛው ውሻም ሳይከተብ ተራራ ሲወጣ፥ የቀበሮው ዕጣ የሚወሰነው እታች በእኛ ሰፈር ነው። ስለዚህ የከተማውን ውሻ መቁጠርና መከተብ የተራራውን ቀበሮ መጠበቅ ነው፤ የሰፈራችንንም ልጅ ጭምር።

አሁን ተቃዋሚዎቻችንን እንስማ።

አንደኛው ወገን «ሰው ሲራብ ወፍ መቁጠር ቅንጦት ነው» ይለናል። ይህን ለወሎ ልጅ መንገር ድፍረት ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት የለም ብሎ ካደ። መካድ የቻለው ለምንድን ነው? የሞተው ስላልተቆጠረ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ባሳዩ ጊዜ ነው የተማሪው ዓይን የተከፈተው። ከዚያ የተማርነው ያልተቆጠረ እንደሚካድ ነው። ሰውን መቁጠር የሚንቅና አገሩን መቁጠር የሚንቅ አንድ ዓይነት ሰው ነው። ደኑ ሲሞት ምንጩ ይደርቃል፥ ንቡ ይሰደዳል፥ ማሩ ያንሳል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚራበውም ገበሬው ነው።

ሁለተኛው ወገን «ጦርነት ባለበት አገር ምን ቆጠራ?» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ላልይበላ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር አይተናል፤ ከዚያም ወዲህ የጥይት ድምፅ አልራቃትም። እንግዲያው እንጠይቅ፤ በነዚያ ዓመታት ስንት ወይራ ለማገዶ ወደቀ? ስንት ድኩላ ለምግብ ታረደ? ነገ ሰላም ወርዶ ጉዳት ይገመት ቢባል፥ ያጣነውን በምን እናስረዳለን? ቀድሞ የተጻፈ ስለሌለ ሁሉም «ድሮም አልነበረም» ይባላል። ጦርነት ቆጠራን የሚያዘገይ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ አያስፈልግም የሚያሰኝ ግን አይሆንም።

ሦስተኛው ወገን ከመካከላችን ነው፤ እርሱም «ይህ የፈረንጅ ሊቃውንት ሥራ ነው» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 በአሜሪካ በገና ሰሞን ማን ብዙ ወፍና አውሬ ገደለ ብሎ መወዳደር ልማድ ነበር። ፍራንክ ቻፕማን የተባለ ሰው ከምንገድል እንቁጠር አለ። በዚያ ገና 27 ሰዎች ወጡ፤ ቆጠራውም ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሲደረግ ይኖራል። 27 ሰው ማለት በምግብ አዳራሻችን ሦስት ጠረጴዛ የማይሞላ ሰው ነው! በገና ቀን ደግሞ ከላልይበላ የበለጠ ሕዝብ የሚሰበሰብበት የት አለ?

ራሳችንንም ሳንወቅስ ብናልፍ ግብዞች እንሆናለን። ከእኛ መካከል ለመመረቂያ ጽሑፍ አንድ ክረምት ደን ገብቶ፥ ዝርያ ቆጥሮ፥ ውጤት ተቀብሎ ያልተመለሰ ስንት አለ? ጽሑፉ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። አንድ ጊዜ የተደረገ ቆጠራ ፎቶግራፍ ነው፤ ክትትል የሚባለው በዚያው ሥፍራ፥ በዚያው ወር፥ በዚያው ሰዓት፥ በዚያው ደንብ ዓመት ከዓመት ሲደገም ነው። አንድ አረጋዊ ካህን «ልጆቼ፥ ጽፋችሁ ትሄዳላችሁ፤ ለደብሩ የሚቀር ምን አለ?» ብለው ሲጠይቁን አንገታችንን ደፋን።

ስለዚህ ለማኅበራችን ጉባኤ የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ለክረምቱ ዘመቻ ከተያዘው ጊዜ አንድ ሳምንት ለቆጠራ ይሰጥ። ሁለተኛ፥ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በጥርና በመስከረም፥ በተመረጡ የላስታ አጥቢያዎች ሁለት ሁለት ሆነን ከንጋት ጀምሮ በአንድ ቦታ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ቆመን ያየነውንና የሰማነውን ወፍ እንጻፍ፤ አጥቢውን እንስሳ በተወሰነ መንገድ እየሄድን በዱካው፥ በፋንድያውና በዓይናችን እንመዝግብ፤ የሚተካውንም ቡቃያ እንቁጠር። ለዚህ ደብተር፥ ሰዓትና አንድ መነጽር ይበቃል። ሦስተኛ፥ እረኛውና የአብነት ተማሪው አብረውን ይቁጠሩ፤ ከእኛ ይልቅ እነርሱ የወፉን ድምፅ ያውቃሉና። አራተኛ፥ መዝገቡ በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ በደብሩ ዕቃ ቤት ይቀመጥ። አምስተኛ፥ የትምህርት ክፍሎች የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያጸድቁ፥ ቀደም ሲል የተቆጠረን ሥፍራ ደግሞ ለሚቆጥር ተማሪ «ተደግሟል» ብለው መከልከላቸውን ይተዉ። መደገሙ ነውና ዕውቀቱ።

በመንዝ ጓሳ ያሉ ገበሬዎች ሣሩን ለዘመናት በራሳቸው ደንብ፥ ቀሮ በሚባለው ሥርዓት፥ መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚከለከል ወስነው ጠብቀዋል። ዲግሪ አልነበራቸውም። እኛ ዲግሪ ይዘን የአንድ ደብር ወፍ መቁጠር ካቃተን፥ የተማርነው ለምንድን ነው?

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላል ያገራችን ሰው። ሞኝ ያሰኘው ደጃፉ ላይ ስንት ዛፍ እንደ ነበረ አለማወቁ ነው። ጓዶች፥ ደጃፋችንን እንቁጠር!