ሩትን ሳይሆን ፈቃዱን እንስጥ



ኮልፌ ቀራንዮ ያደግን የምህንድስና ተማሪዎች ክረምት በመጣ ቁጥር በየመድረሳው «ኮምፒውተር የሚያውቁ ልጆች» እንባላለን። የደረሶች መዝገብ፣ የኒካህ ወረቀት፣ አንዳንዴም ከወሎ የመጣ፣ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ መንዙማ ስካን እንድናደርግ እንጠየቃለን። ኮምፒውተሩ አሮጌ ስለሆነ ሊኑክስ ተጭኖበታል። ስካነሩ በዩኤስቢ ሲሰካ መብራቱ ይበራል፤ ፕሮግራሙ ግን ስካነር የለም ይላል። በሱዶ ሲከፈት ወዲያው ይሠራል።

ብዙ ጊዜ ጥገናው እዚህ ላይ ያበቃል። የሩት ይለፍ ቃል በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ለኡስታዙ ይሰጣል፤ ወይም መሣሪያው በ777 ለሁሉም ይከፈታል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት እንላለን።

በሊኑክስ የተሰካ ስካነር እንደ ፋይል ይታያል፤ ባለቤት፣ ቡድንና ፈቃድ አለው። በሱዶ ከሠራ ገመዱም ድራይቨሩም ደህና ናቸው፤ የጎደለው የተጠቃሚው ፈቃድ ነው። በሱዶም እምቢ ካለ ግን ገመዱን፣ ቀጥሎም ሴን የተባለው የስካነር ሥርዓት ያንን ሞዴል ማወቁን ማየት ነው።

777 ዕድሜ የለውም። ስካነሩ ተነቅሎ ሲሰካ ወይም መብራት ሄዶ ሲመጣ የመሣሪያው ፋይል እንደ አዲስ ይፈጠራል፤ የሰጠነው ፈቃድም አብሮ ይጠፋል። በሱዶ ስካን የተደረገ ገጽ ደግሞ ባለቤቱ ሩት ይሆናል፤ ኡስታዙ ከፍቶ ቢያየውም ሊያርመው አይችልም። የሩት ይለፍ ቃል የያዘ ሰው በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ሙሉውን መዝገብ ሊያጠፋ ይችላል፤ ክፉ ሐሳብ እንኳ አያስፈልገውም።

ትክክለኛው ጥገና አጭር ነው። በኤልኤስ-ዩኤስቢ ትእዛዝ የስካነሩን የአምራችና የምርት ቁጥር እንይ። በእነዚህ ቁጥሮች አንድ መስመር የዩዴቭ ደንብ ጽፈን መሣሪያውን «ስካነር» ለተባለው ቡድን እንስጥ፤ ቡድኑ ከሌለ እንፍጠረው። የኡስታዙን መለያ ቡድኑ ውስጥ እናስገባ። ደንቡን ዳግም አስነብበን ስካነሩን ነቅለን እንሰካ። ኡስታዙም ከመለያቸው ወጥተው እንደገና ይግቡ፤ የቡድን አባልነት የሚጸናው ያኔ ነውና። ከዚያ ያለ ሱዶ እንሞክር።

«የመድረሳ ኮምፒውተር ማን ይነካል? ሁላችንም ወንድማማች ነን» የሚሉ አሉ። መተማመኑ መልካም ነው። ነገር ግን የመስጂድ የገንዘብ ሣጥን ቁልፍ ለጀመዓው ሁሉ አይታደልም። ይህም ሰው ስለማይታመን ሳይሆን ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው። የሕፃናት ስም፣ የወላጆች ስልክ፣ የባልና ሚስት ጉዳይም እንዲሁ አማና ነው። ሀገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች።

ስለዚህ በዚህ ክረምት ለመድረሳ ሥራ የምትወጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። ይለፍ ቃሉ ኮሚቴው በመረጠው አንድ ሰው እጅ ይሁን። የሠራችሁትንም በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ኮምፒውተሩ አጠገብ ተዉ። እኛ ወደ ካምፓስ ከተመለስን በኋላ ኡስታዙ ሳይደውሉልን ስካን ማድረግ ካልቻሉ፣ የተውንላቸው ጥገና ሳይሆን ጥገኝነት ነው።