ፉከራው የእኛ፣ ጥያቄው የሰው

መፎከር እናውቅበታለን። «የሰው ዘር መገኛ» እያልን በግጥማችን፣ በዘፈናችንና በየስብሰባው የመክፈቻ ንግግር ስንፎክር ኖረናል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የቆየው «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የተባለው የቱሪዝም መፈክር ቀርቶ ሀገራችን «ምድረ ቀደምት» ተባለች። ስሙ ያምራል። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ያንን ቀደምትነት ለማወቅ ማን ምን ከፈለ?

ከጀርመን፣ ከፈረንሳይ፣ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በየጊዜው የሚወጣ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ አለ። በቅድመ ታሪክ አርኪዮሎጂ የዶክትሬት ተመራማሪ ይፈለጋል ይላል፤ ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት ደመወዝ አለው፤ የመስክና የላቦራቶሪ ወጪው ተችሏል። የምርምሩ ቦታ በሚለው መስመር ላይ አንዳንዴ «ኢትዮጵያ» የሚል ቃል ይነበባል። ወልድያ ተቀምጦ ይህን የሚያነብ ተመራቂ ዕድሉ ቢቃናለት ይሄዳል፤ ባይቃናለት ቆፋሪዎቹ ሲመጡ አስተርጓሚ ወይም መንገድ መሪ ይሆናል። ሁለቱም ሥራ ክቡር ነው። ነገር ግን ቢሄድም ቢቀርም ጥያቄው ቀድሞ ተጽፎ ያለቀ ነው። የእርሱ ድርሻ ሌላ ሰው የጠየቀውን መመለስ ብቻ ነው።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ስም ትልቅ ነገር ነውና ነገሩን በስም ላስረዳ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው አጽም ሲገኝ፣ ሐዳር የወሎ ጠቅላይ ግዛት አካል ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ ገና ሦስት ወር አልሞላም፤ ወሎም በረሃብ ያለቁ ልጆቿን ሐዘን አልጨረሰችም። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ጠቅላይ ግዛት ቆላ፣ በተመራማሪዎች ድንኳን ውስጥ የቢትልስ ዘፈን ሲሰማ አጽሟ «ሉሲ» ተባለች። «ድንቅነሽ» የእኛ ጥሪ ነው፤ ዓለም ግን የሚያውቃት በመጀመሪያው ነው። ሰዎቹን አልወቅስም። ድንኳኑ የእነርሱ ነበር፤ ገንዘቡ የእነርሱ ነበር፤ ስሙም የእነርሱ ሆነ።

የራሳችን ሰዎች ዶክተር ሆነው ሲመለሱ ስሞቹም ተለወጡ። ዶክተር ብርሃኔ አስፋው ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳወቁት ግኝት «ጋርሂ» ተባለ፤ በአፋርኛ ያልታሰበ፣ ድንገተኛ ነገር ማለት ነው። ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2001 ያስተዋወቁት «ካዳባ» የተባለው ስምም ከዚያው ከአፋርኛ የተወሰደ ነው። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኪካ ላይ የተገኘችውን ሕፃን ከተጣበቀባት የአሸዋ ድንጋይ ለዓመታት በትዕግሥት ፈልፍለው አወጧት፤ «ሰላም» ተባለች። ዶክተር ስለሺ ሰማውም የጎናን 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሞላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ለዓለም አሳወቁ። እነዚህ ሰዎች ኩራታችን ናቸው። ዶክትሬታቸውን የሰጧቸው ግን በርክሌይ፣ ራትገርስና ፓሪስ ናቸው። የምንኮራባቸውን ሊቃውንት እንኳ ያሠለጠነልን ሰው ነው።

እዚህ ላይ «ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለውን ተረት የሚያነሣ አይጠፋም። ፈረንጅ ስለ እኛ ምን አገባው፣ ይውጣልን ይላል። ይህ ተሞክሯል። ደርግ እ.ኤ.አ. በ1982 የውጭ ተመራማሪዎችን የመስክ ሥራ አግዶ ለዓመታት ዘግቶት ቆይቷል። ከመዘጋቱ የተረፈን ዕውቀት ሳይሆን የባከነ ጊዜ ነው። ተረቱን እኔ የምሰማው በሌላ መልኩ ነው፦ ባለቤቱ ካላወቀ ሌላ ማወቁ አይቀርም፤ ነውሩም የባለቤቱ ነው። ባሌ ተራራ ላይ ፊንጫ ሀበራ የተባለው የዋሻ መጠለያ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰው ከባሕር ወለል 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ይኖር እንደነበረ ያሳወቀን በጀርመን የምርምር ገንዘብ ነው። በአማራ ክልል መተማ አካባቢ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር የተገኘውንና እ.ኤ.አ. በ2024 የታወቀውን የ74,000 ዓመት የሰው መኖሪያ ያጠናውን ቡድን የመራው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ነው። ባይሠሩት ኖሮ ዛሬም ባላወቅነው። ምስጋናችን ይድረሳቸው፤ ከምስጋናው በኋላ ግን የእኛስ ድርሻ የት አለ?

ሁለተኛው መከራከሪያ የረሃብ ነው። ለተራበ ሕዝብ ድንጋይ መቁጠር ቅንጦት ነው ይሉናል። ይህን የሚል ሰው አርኪዮሎጂን አጽም ከመልቀም ጋር ያምታታል። እስቲ ወደ ሀብሩ እንውረድ። ከመርሳ ሜዳ ላይ ማሽላና ጤፍ ይዘራል፤ ሲሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል የሚደክመውም ለእነዚሁ ሰብሎች ነው። ደጋሊት፣ ጅጉርቲ እያለ ማሽላውን በየስሙ የሚለይ ገበሬ፣ ያንን ዘር ማን ከዱር አምጥቶ እንዳላመደለት ማን ይንገረው? እስካሁን ከታወቁት ሁሉ ቀደም ያለው የመላመድ ምልክት የታየበት ማሽላ የተገኘው በምሥራቅ ሱዳን ከሰላ አጠገብ ነው፤ ከ5,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ወሎ ተረተር በየት በኩል ወጣ? በስንት ዘመን? ድርቁን የቻለው የትኛው ዘር ነበር? ረሃብ ደጋግሞ ለመታው ወረዳ ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ለእንዲህ ያለው ጥያቄ አንድ የዶክትሬት ተማሪ ምን ሊያደርግ እንደሚችልም አይተናል። ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባሉ አሜሪካዊት ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በያኔው በጌምድር፣ ሁለት ዋሻዎችን ቆፍረው ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ የነበረ ገብስና ሽምብራ አገኙ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1971 ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ የቀረበ የዶክትሬት ጥናት ነው። አንድ ሰው፣ አንድ የጥናት ወረቀት፤ ስለ ደጋው የጥንት እርሻ የሚጽፍ ሁሉ ዛሬም ይጠቅሰዋል።

የሀብሩ መሬትም ባዶ መሬት አይደለም። በደቡብ ወሰኑ የሚወርደው የሚሌ ወንዝ ወደ አፋር ቆላ ይዘልቃል፤ በዚያው በሚሌ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. በ2016 የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል ተገኝቷል። የመጀመሪያውን ቁራጭ ያየው የአካባቢው አፋር ነው። የቆላው ታሪክ ይህን ያህል ሲጠና፣ በቆላውና በደጋው መካከል ያለው መወጣጫ እንደ መተላለፊያ ብቻ ይታያል። ሰውም ከብትም ዘርም የወጣውና የወረደው ግን በዚሁ መወጣጫ ነው።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ መካከል ቅርስ ያገኘ ሁሉ ወዲያው እንዲያሳውቅና ባለበት እንዲጠብቅ ያዝዛል። መልካም ሕግ ነው። ግን የተጠረበ ድንጋይን ከተራ ጠጠር የሚለይ ዓይን በሌለበት ማን ምን ያሳውቃል? ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ ለሚዘልቀው የባቡር መስመር የወሎ መሬት ተቆርጧል፤ መንገድና ሕንፃም በየጊዜው ያስቆፍራል። ኤክስካቫተሩ የሚያነሣውን የሚያነብ ሰው ከሌለ ሕጉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሦስተኛው መከራከሪያ ጦርነቱ ነው፤ ይህን አላቃልልም። እ.ኤ.አ. በ2021 ወልድያ በጦርነት ስትያዝ ዩኒቨርሲቲዋ ተዘርፏል፣ ተጎድቷል። መስክ መውጣት በማይቻልበት ጊዜ ማንም ለአንድ ጥናት ነፍሱን ይስጥ አልልም። ነገር ግን የዶክትሬት ሥራ ሁሉ መስክ አይደለም። በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ከዚህ ቀደም የተሰበሰበ ብዙ ቅርስ አለ፤ የንባብ፣ የቋንቋና የላቦራቶሪ ሥልጠና ራሱ ዓመት ይፈጃል። ሰላም ሲመጣ የሠለጠነ ሰው ይዞ መጠበቅና ከዜሮ መጀመር አንድ አይደለም።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ አንድ የዶክትሬት ቦታ ይክፈት፤ ክልሉና የቅርስ ባለሥልጣኑ ያግዙት። የአራት ዓመት ደመወዝ፣ የመስክ አበል፣ ናሙናው ዕድሜው እንዲለካ ወደ ውጭ ላቦራቶሪ የሚላክበት የውጭ ምንዛሪ ይመደብለት። አማካሪው ከየትም ሀገር ይምጣ፤ የሀብሩን ገበሬ ቋንቋና የእርሻ ቃል የሚያውቅ ተማሪ ግን ጥያቄውን ራሱ ይጻፈው።

«ምድረ ቀደምት» ብሎ ሰሌዳ የሚያቆም መሥሪያ ቤት ሁሉ ከሰሌዳው ዋጋ ጥቂት ቀንሶ ለዚህ ተማሪ ያዋጣ። እኛም ድንቅነሽን በግጥም ከማወደሳችን በፊት የሚቀጥለውን ስም ማን እንደሚያወጣው እንጠይቅ።