«የተፈጥሮ ነው» ሲባል

በቲክቶክና በቴሌግራም ስኳርን፣ ደም ግፊትንና ካንሰርን «ከሥሩ ይነቅላል» የተባለ ቅመም ይሸጣል። ማሳመኛው የተፈጥሮ ነገር አይጎዳም የሚል ነው። በደቡብ ወሎ የመካነ ሰላምና የሳይንት ደገኛ ግን ኮሶን ያውቃል፤ አበባው የኮሶ ትልን ያስወጣል፣ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። በ2012 ኮሮና ሲገባም ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ፈዋሽ ናቸው ተብሎ ተወራ፤ ማረጋገጫ ግን አልተገኘም።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ሕሙማን የጀመሩትን መድኃኒት ሲያቋርጡ የሚመጣው ነው። በ1999 የኤችአይቪ መድኃኒት ትተው በጠበል ብቻ ለመዳን የሚሞክሩ ሲበዙ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረዋል።

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ በስልክ ተቀርጾ የሚለቀቀውን ሁሉ መቆጣጠር ግን አዳጋች ነው። የዚህ ዕትም ጽሑፎች የባህል ሕክምናን ጥቅም ከሐሰተኛ የፈውስ ተስፋ ለይተው ያቀርባሉ።