ጥፋቱ የማን ነው? አንድ የቆየ የካንትሪ ሙግት

ካንትሪ ሙዚቃ ሲነሳ ለብዙ ሰው የሚታየው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ባርኔጣ የደፋ ነጭ ወንድ፣ የጭነት መኪና፣ ባቡር፣ ውስኪና ትታው የሄደች ሚስት። እንዲህ የሚለው ሙዚቃውን የማያውቅ ሰው ብቻ አይደለም። ስቲቭ ጉድማንና ጆን ፕራይን የደረሱት፣ ዴቪድ አለን ኮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው አንድ ዘፈን እናትን፣ ባቡርን፣ መኪናን፣ እስር ቤትንና ስካርን ሆን ብሎ ደርድሮ በራሱ በካንትሪ ይስቃል። የቤቱ ልጆች ያመኑትን ስም ማጥፋት ነው ብሎ መካድ አያዋጣም።

የነጭ ሰው ሙዚቃ ነው የሚለው ግን ግማሽ እውነት ነው። የ«ዩር ቺቲን ሃርት» ባለቤት ሃንክ ዊሊያምስ ሙዚቃን የተማረው ሩፈስ ፔይን ከተባለ ጥቁር የጎዳና ሙዚቀኛ ነው። ያንኑ የክህደት ዘፈን ሬይ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1962 በራሱ መንገድ ተጫውቶታል።

ከባዱ ክስ ሌላ ነው፤ ካንትሪ መማገጥን ያሽሞነሙናል ይባላል። ማስረጃም አይጠፋም። ፍሎይድ ቲልማን እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣው «ስሊፒን አራውንድ» ውስጥ ያሉት ውሽሞች እንዳይታወቅባቸው ይጨነቃሉ እንጂ ቤት ውስጥ ስለተበደለው ሰው ብዙም አያነሱም። ዘፈኑ ሲወደድ ወዲያው ተከታይ ተሠራለት፤ በዚህኛው ዘፋኙ ዳግመኛ አልማግጥም ይላል። ሁለቱም ተሸጡ። ኃጢአቱም ንስሐውም ገበያ ሲያገኝ ያየ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

እኔን ግን የክህደት ዘፈንን እንዳልንቅ ያደረገኝ እ.ኤ.አ. የ1952ቱ ሙግት ነው። በዚያ ዓመት ሃንክ ቶምፕሰን በ«ዘ ዋይልድ ሳይድ ኦፍ ላይፍ» ቤቷን ጥላ መሸታ ቤት የገባችን ሴት ወቀሰ፤ ዘፈኑም በቢልቦርድ የካንትሪ ሰንጠረዥ ለ15 ሳምንታት አንደኛ ሆነ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ኪቲ ዌልስ ጄ. ዲ. ሚለር የደረሰውን መልስ ይዛ መጣች፦ እነዚህን ሴቶች እግዚአብሔር እንዲህ አድርጎ አልፈጠራቸውም፤ ሚስት እያላቸው ወንደላጤ ነን ብለው ያሳቷቸው ወንዶች አሉ የሚል። ያኔ ዌልስ የ32 ዓመት ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች፤ ስቱዲዮ የገባችውም ለ125 ዶላሩ ብላ ነው። ኤንቢሲ ሬዲዮ አላሰማም አለ፤ ዝነኛው የካንትሪ ትርኢት ግራንድ ኦል ኦፕሪም መጀመሪያ ላይ መድረኩን ከለከላት። አድማጩ ግን ገዛው፤ በዚያ ሰንጠረዥ ብቻዋን ዘፍና አንደኛ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ድምፅዋን ልብ ብሎ የሰማ አይደነቅም። አታለቅስም፣ አትጮኽም፤ ቃሉን እንደ ጸሎት ቤት መዝሙር ቀጥ አድርጋ ትለዋለች። ዜማውም ከዚያው አካባቢ የመጣ ነው። ካርተር ፋሚሊ እ.ኤ.አ. በ1929 ለፍቅር ዘፈን፣ ሮይ ኤከፍ በ1936 ለመንፈሳዊ መዝሙር የተጠቀሙበት ያው ዜማ በቶምፕሰን ክስም በዌልስ መልስም ውስጥ አለ። በዚህ ዜማ ፈጣሪውን ሲያመሰግን የኖረ አድማጭ ቅዳሜ ማታ ከመሸታ ቤቱ የሙዚቃ ሣጥን ሲሰማው ወቀሳው የት እንደሚያርፍበት መገመት አያስቸግርም።

መልሱም ቢሆን ነቀፋ አያጣም። ቶምፕሰን ሴቲቱን ወደቀች ይላል፤ ዌልስ ጣሏት ትላለች፤ ሕይወቷን ራሷ መርጣው ሊሆን እንደሚችል አንዳቸውም አይጠይቁም። ያም ሆኖ ጥፋቱ ሁልጊዜ በሴቷ ላይ በሚደፈደፍበት ዘመን ባለትዳሩን ወንድ በአደባባይ መጠየቅ ድፍረት ነበር።

ክህደትን ለማጣፈጫ ብቻ የሚያስገባ ዘፈን ትችቱ ይገባዋል። ማን እንደዋሸ፣ ማን እንደተጎዳ የሚናገረው ግን አብሮት መጣል የለበትም። ሁለቱም ዘፈኖች እያንዳንዳቸው ሦስት ደቂቃ አይሞሉም፤ መጀመሪያ የቶምፕሰንን፣ ቀጥሎ የዌልስን አዳምጡና ፍርዱን ከዚያ ስጡ።