የሚወድቅን ሰው ስለ መያዝ

እኛ የአዲ አርቃይ ልጆች በሰሜን ተራሮች ሥር የምንኖር፣ ሊማሊሞን ወጥተን የምንወርድ ስለ ሆንን፣ ስለ መውደቅ ለመናገር ከቆላውና ከሜዳው ልጅ ይልቅ መብት ያለን ይመስለኛል። ሣር ለማጨድ ወይም የባዘነች ፍየል ለመመለስ አፋፍ ለአፋፍ ያልሄደ ማን አለ? ታዲያ ብዙ ሰው ወንድሙ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ የሚቀልበውን ጎበዝ ይለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴንም በሒሳብ ላስረዳ።

60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ5 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ በ1 ሰከንድ ያህል መሬት ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ፍጥነቱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከታች የቆመው በግማሽ ሜትር ውስጥ ላቁመው ቢል፣ ክንዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል የወዳቂውን ክብደት 11 እጥፍ ይሆናል፤ ይኸውም 660 ኪሎ፣ ከስድስት ኩንታል ተኩል በላይ ጤፍ ባንድ ጊዜ እንደ መቀበል ነው። (እንኳን ሰው በቅሎም አትችለው!) ማቆሚያው ርቀት ሲረዝም ኃይሉ ይቀንሳል፤ እንቁላል ድንጋይ ላይ ሲፈርጥ ረገብ ተደርጎ በተያዘ ጋቢ ላይ የሚተርፈው ስለዚህ ነው። ክንድ ግን ጋቢ አይደለም።

አፋፍ ላይ ቆሞ የሚንሸራተተውን በእጅ መያዝስ? ይህስ ይብሳል። ጠጠር ላይ የቆመን እግር የሚይዘው ፍትጊያ ብቻ ነው፤ ፍትጊያውም ከሰውዬው ከራሱ ክብደት ያንሳል። እኩያው እጁ ላይ ቢንጠለጠል ሁለቱም ተያይዘው ይሄዳሉ።

በዚህ ነገር የደብረ ዳሞ መነኮሳት ይበልጡናል። ከእኛ ተከዜን ተሻግሮ በትግራይ ወዳለው ወደዚያ ገዳም የሚወጣ ወንድ 15 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ገደል በጠፍር ይወጣል፤ ሌላ ጠፍር ደግሞ ወገቡ ላይ ታስሮ መነኩሴው ከላይ ሆኖ ይስብለታል። ጠፍሩ ስለማይላላ ሰውዬው እግሩ ቢያዳልጠው እንኳ መውደቅ አይጀምርም፤ ፍጥነት ሳያገኝ ይንጠለጠላልና ከላይ ያለው የሚሸከመው ክብደቱን ብቻ ነው። ሁለት ሜትር ቢላላ ኖሮ ግን ጠፍር ብዙ አይለጠጥምና የጎድን አጥንት በሰበረ ነበር።

ስለዚህ ወላጆቻችን ልጅ ወደ ገደል ሲልኩ ከማጭዱ ጋር ገመድ ይስጡ እላለሁ፤ የበሰበሰውን የአህያ መጫኛ ግን አይደለም። ገመዱንም በእጅ ጨብጦ መቆም ሳይሆን በወይራ ግንድ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞ እያጠበቁ መልቀቅ ነው፤ አብዛኛውን ኃይል የግንዱ ፍትጊያ ስለሚወስድ ደካማ ልጅ እንኳ ትልቁን ሰው ይይዛል። የማያምነኝ ጓደኛ ቢኖር፣ የፊዚክስ መምህራችን ፈቅደውልን በግቢው ባሕር ዛፍ ላይ አንድ ጆንያ አሸዋ አንጠልጥለን ብንሞክረው ደስ ይለኛል።