ሽማግሌው ጀግና ይውደቅ፤ ሥራው ግን አይሻር

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በመኝታ ቤታችን የተነሣው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። ከእራት የተመለስነው ስለ ፈተና ልንነጋገር ነበር፤ ዳሩ ግን ነገርን ነገር ያነሣዋልና አንዱ ባልንጀራችን በኮምፒዩተሩ «ስታር ዋርስ» የተባለውን ተከታታይ ፊልም ስምንተኛ ክፍል ከፈተልን። ሽማግሌው ሉክ ስካይዎከር ከልጅቱ እጅ የተቀበለውን የአባቱን ሰይፍ እንደ ቆሻሻ በትከሻው ላይ አሻግሮ ሲወረውር ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ጀግናችንን አዋረዱት» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ወገን «ገና አሁን ሰው አደረጉት» ሲል መለሰ። መብራት እስኪጠፋ ድረስ ማንም ማንንም አላሳመነም። እኔ በዚያ ሌሊት ብዙ አልተናገርኩም፤ ስለዚህ ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ይህ የልጅ ጨዋታ ነው፣ ለማኅበራችን መጽሔት አይገባም የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ትዕግሥቱን እለምነዋለሁ። ክርክሩ የፊልም ይምሰል እንጂ በውስጡ አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ወጣት ትውልድ ያረጁ ጀግኖቹን፣ ይልቁንም የተሳሳቱትን፣ በምን ዓይን ይመልከታቸው የሚል ነው።

ታሪኩን ላላየው ባጭሩ ላስታውስ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጆርጅ ሉካስ የመጀመሪያውን ፊልም በ1977 ለሕዝብ አሳየ፤ ተከታዮቹ በ1980 እና በ1983 ወጡ። በነዚህ ሦስት ፊልሞች በገበሬ ቤት ያደገው ሉክ፣ ኮንትሮባንዲስቱ ሃን ሶሎና ልዕልት ሌያ ከዐማፅያኑ ጋር ተባብረው አንድ ጨካኝ አገዛዝ ይጥላሉ። ሉክ በመጨረሻው ሰዓት ሰይፉን ጥሎ አባቱን ለመግደል እምቢ ይላል፤ በዚህም የክፉውን የዳርዝ ቬደርን ልብ ይመልሳል። በ2012 ዲዝኒ የሉካስን ኩባንያ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ገዛው፤ ከዚያም እነዚያው ተዋንያን አርጅተው እንደገና መጡ። በ2015 በወጣው ሰባተኛ ክፍል ሃን ሶሎ በገዛ ልጁ እጅ ተገደለ። በ2017 በወጣው ስምንተኛ ክፍል ሉክ በአንድ ደሴት ላይ የተደበቀ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሆኖ ተገኘ። በ2019 ዘጠነኛው ክፍል ታሪኩን ዘጋው።

ተመልካቹን ከሁሉ ይበልጥ የከፋፈለው ስምንተኛው ነው። ደራሲውና አዘጋጁ ራያን ጆንሰን ለሉክ መደበቅ የሰጠው ምክንያት ይህ ነው፦ ሉክ የእኅቱን ልጅ ቤንን ሲያስተምር በልጁ ልብ ውስጥ ጨለማ ያያል፤ አንድ ሌሊት ልጁ ተኝቶ ሳለ በድንጋጤ ሰይፉን ይመዛል፤ ወዲያውም ያፍራል፤ ዳሩ ግን ልጁ ነቅቶ አይቶታል። ትምህርት ቤቱ ይቃጠላል፤ ቤን ወደ ክፋት ይሄዳል። ሉክም ከሀፍረት የተነሣ ዓለምን ይሸሻል።

«ሮተን ቶሜቶስ» በተባለው ድረ ገጽ ፊልሙን ከገመገሙት ሐያስያን ከመቶ 90 ያህሉ ወደዱት፤ እዚያው ገጽ ላይ ድምፅ ከሰጡት ተመልካቾች ግን የወደዱት ከግማሽ በታች ናቸው። በሌላ በኩል «ሲኒማስኮር» የተባለው ድርጅት ከሲኒማ ቤት የሚወጡትን ሰዎች ጠይቆ ያገኘው ማርክ «ኤ» ነበር። እንግዲህ ሁለቱም ወገን ቁጥር ሊጠቅስ ይችላል። ቁጥር ስንት ሰው እንደተቆጣ ሊነግረን ይሞክር ይሆናል እንጂ የተቆጣው ሰው ልክ ነው ወይስ አይደለም ለሚለው መልስ የለውም።

የተቆጡትን ወገን ቃል ሳላጣምም ላቅርብ፤ እኔም ራሴ መጀመሪያ ከነሱ ነበርኩና። እነሱ የሚሉት፦ ስንት ሰው የፈጀውን አባቱን ተስፋ ያልቆረጠበት ሰው፣ ገና ምንም ባላደረገ የእኅቱ ልጅ ላይ፣ ያውም በእንቅልፉ፣ ሰይፍ ሊመዝ ይችላልን? እኅቱ ስትጠራውስ እንዴት ዝም ይላል? ይህ ሰው ሉክ አይደለም፤ ስሙን የወሰደ ሌላ ሰው ነው ይላሉ። ሉክን የተጫወተው ማርክ ሃሚል ራሱ አሳቡን እንዳልተቀበለው በአደባባይ ተናግሯል። ስለዚህ ነገሩ የጥቂት ግልፍተኞች ጩኸት ነው ብሎ ማለፍ ፍትሕ አይደለም።

ይሁን እንጂ የ1983ቱን ፊልም እንደገና ብናየው መልሱ እዚያው አለ። ዳርዝ ቬደር እኅቱን እንደሚያጠምድበት ሲዝትበት ሉክ ከጨለማ ውስጥ ጮኾ ይወጣል፤ አባቱን እየደበደበ ይጥለዋል፤ እጁንም ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ ነው ቆም ብሎ የገዛ እጁን የሚመለከተው፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰይፉን የሚጥለው። እኛ የምናስታውሰው ሁለተኛውን ደቂቃ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን ረስተነዋል። የሚወዱት ሰው ሲነካ የሚቆጣ፣ ከዚያም የሚጸጸት ሰው ዱሮም ሉክ ነበር። ልዩነቱ፣ በ2017ቱ ታሪክ መጸጸቱን ሳያይ ሰይፉን ብቻ ያየ ልጅ መኖሩ ነው።

ደግሞስ መደበቁ አዲስ ነገር ነውን? አስተማሪዎቹ ምን አደረጉ? ኦቢዋን ኬኖቢ ደቀ መዝሙሩ ከከዳው በኋላ በበረሃ ተደበቀ፤ ዮዳ ረግረግ ውስጥ ገባ። እነሱን ግን ማንም ፈሪ አላላቸውም። አሌክ ጊነስ የኦቢዋንን ክፍል በ1976 ሲጫወት 62 ዓመቱ ነበር፤ ማርክ ሃሚል በ2016 ስምንተኛውን ክፍል ሲሠራ 64 ነበር። እንግዲህ ሽማግሌነቱ አይደለም ያስቆጣን። ኦቢዋንን ስናውቀው ሽማግሌ ነበር፤ ሉክን ግን ወጣት ሆኖ፣ እኛን መስሎ እናውቀዋለን። በሱ ፊት ላይ ሽበት ስናይ የራሳችንን ነገ አየን፤ ማየት ያልፈለግነውም እሱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተከራካሪ «ሎገን»ን ሊያነሣብኝ ይችላል። ያ ፊልም የወጣው በዚያው በ2017 ነው። በውስጡ ዎልቨሪን ቁስሉ የማይድንለት፣ የሚያነክስ ሰካራም ነው፤ የዓለም ታላቅ አእምሮ የነበረው ፕሮፌሰር ቻርልስም አእምሮው ታሞ በመድኃኒት የሚኖር ሽማግሌ ሆኗል። ተመልካቹ ግን አልተቆጣም፤ አለቀሰ። ለምን? አንደኛ፣ ዎልቨሪን ከመጀመሪያውም የቆሰለ ሰው ነበር፤ ሉክ ግን ተስፋ ራሱ ነበር። ሁለተኛ፣ «ሎገን» ውድቀቱን ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሰውዬው ጋር አኖረን፤ ጆንሰን ግን ሠላሳ ዓመት ያህል የሆነውን ነገር በጥቂት ደቂቃ ትዝታ ነገረን። ይህን ጉድለት አምናለሁ። ጉድለቱ ግን የአነጋገር እንጂ የአሳብ አይደለም።

ታዲያ ጀግኖቹ አልተበደሉምን? ተበድለዋል። በዳዩ ግን ብዙ ሰው የሚከሰው ፊልም አይደለም። እኔ የምከሰው ሰባተኛውንና ዘጠነኛውን ነው፤ ሁለቱንም ያዘጋጀው ጄ. ጄ. ኤብራምስ ነው። በሰባተኛው ክፍል የወደቀው አገዛዝ በሌላ ስም ተመልሶ ቆመ፤ ሃን ሶሎ ወደ ኮንትሮባንዱ፣ ሌያ ወደ ዐመፁ ጦር ተመለሱ፤ ሠላሳ ዓመት ያለ ፍሬ አለፈ። በዘጠነኛውም በ1983 የሞተው ክፉ ንጉሠ ነገሥት ሳይሞት ተገኘ። እንግዲህ የቬደር መመለስ፣ የሉክ ሰይፍ መጣል፣ የዚያ ሁሉ ወጣት ደም ምን አተረፈ? ሰው ሲወድቅ ማሳየት ስድብ አይደለም፤ ሠርቶት የነበረውን እንዳልተሠራ ማድረግ ግን ስድብ ነው። አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል ይባላል፤ ቢሆንም በጉልምስናው ያባረረው ጅብ አልተባረረም ነበር ተብሎ አይነገርም።

ሌላም በደል አለ፤ ይህኛው ደግሞ የማይጠገን ነው። ሉክ፣ ሃንና ሌያ በሦስቱ አዳዲስ ፊልሞች አንድ ጊዜ እንኳ በአንድ ቦታ ሦስት ሆነው አልታዩም። ሌያን የተጫወተችው ኬሪ ፊሸር በታኅሣሥ 2016 በ60 ዓመቷ ዐረፈች። ገንዘብም ጥበብም ያን ቀጠሮ ከእንግዲህ ሊመልሰው አይችልም። ሽማግሌዎችን ነገ እናገናኛቸዋለን የሚል ሰው፣ ነገ የሽማግሌ ገንዘብ አለመሆኑን ይወቅ።

ስለ ክርክሩ ሥርዓትም አንድ ቃል ልጨምር። «የጀግናችንን ክብር እናስከብራለን» ያሉ አንዳንድ ሰዎች በስምንተኛው ክፍል የተጫወተችውን ኬሊ ማሪ ትራንን በዘሯና በመልኳ እየሰደቡ አስጨነቋት፤ እሷም በ2018 በኢንስታግራም የነበሯትን ሥዕሎች አጠፋች። ይህ የማን ክብር ነው? ሃሚል ግን ከአዘጋጁ ጋር አልተስማማም፤ ቢሆንም የታዘዘውን በሙሉ ልቡ ሠራ፤ ኋላም ጥርጣሬውን በአደባባይ መናገሩ እንደጸጸተው ገለጸ። ያለ መስማማት ጨዋነት ከማን እንደሚማሩት ለሚጠይቁ፣ ሽማግሌው እዚያው ነበረ።

አሁን አሳቤን ያስለወጠኝን ነገር ልናገር። አጎቴ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምረዋል። ከሳቸው ክፍል ሐኪምም ዳኛም ወጥቷል፤ በሠፈሩ ሲያልፉ የማይነሣላቸው የለም። ባለፈው ክረምት «ጋሼ፣ ከማስተማር ዘመንዎ ከቶ የማይረሱት የትኛውን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ስለ ሐኪሙ ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ስለ አንድ ልጅ ነገሩኝ። አንድ ቀን በንዴት በዱላ መቱት፤ ልጁ ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ተመልሶ አልመጣም። «የሱን ፊት እስከ ዛሬ አየዋለሁ» አሉኝና ዝም አሉ። ያን ጊዜ ማድረግ የምችለው ሁለት ነገር ነበር። አልሰማሁም ብዬ ጻድቅ አድርጌ ልሰቅላቸው እችላለሁ፤ ወይም «ለካ እንዲህ ኖሯል!» ብዬ ከልቤ ላወርዳቸው እችላለሁ። ሁለቱም ቀላል ነው፤ ሁለቱም ከመማር ያድነኛል። እኔ ከሳቸው የተረፈኝን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከሐኪሙ ሳይሆን ከዚያ ልጅ ነው፤ እኔም ከሁለት ዓመት በኋላ አስተማሪ ልሆን ነውና።

ዮዳም በዚያ ደሴት ላይ ለሉክ የሚነግረው ይህንኑ ነው፤ ድልህን ብቻ ሳይሆን ውድቀትህንም አስተምር ይለዋል። ሉክ ሰምቶ ተነሣ። በመጨረሻው ሰዓት በሠራዊት ፊት ብቻውን ቆመ፤ የቆመው ግን ሥጋው ሳይሆን አምሳሉ ነበር፤ ማንንም ሳይገድል የቀሩትን ጥቂቶች አዳነ፤ ሁለቱ ፀሐዮች ሲጠልቁ እያየ ሞተ። በፊልሙ መጨረሻ የጋጣ ሠራተኞች የሆኑ ድኾች ሕፃናት በገለባ አሻንጉሊት ታሪኩን ሲጫወቱት እናያለን። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ክርክሩ ሲነሣ ለሁለቱም ወገን የምለው አለኝ። ለተቆጡት፦ ሽማግሌው እንዲወድቅ ፍቀዱለት፤ የማይወድቅ ሰው ሐውልት ነው፤ ከሐውልት ማንም የተማረ የለም። ለተደሰቱት ደግሞ፦ ሲወድቅ አታጨብጭቡ፤ የሠራውንም አትሻሩበት። እኛም አንድ ቀን ፀጉራችን ይሸብታል፤ በዚያም ቀን ከሚመጡት ልጆች ፊት ከነጥፋታችን እንቆማለን። የምንሰፈርበትን ቁና ዛሬ በገዛ እጃችን እየሠራነው ነው።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ